የኑግ ዘይት ሞለኪዩላዊ ክብደት እንዴት ይሰላል?

ዘይት የብዙ ሞለኪዩሎች ቅይጥ ስለሆነ እንደ ውኃ አንድ ቁርጥ ያለ ሞለኪዩላዊ ክብደት የለውም፤ የሚሰላው አማካዩ ነው። ሳሙና ወይም ባዮዲዝል ለሚሠራ ሰው ይህ ቁጥር ወሳኝ ነው፤ የኮስቲክ ሶዳው ወይም የሜታኖሉ መጠን የሚወጣው ከእሱ ነው።

ከዘይቱ አብዛኛው ትራይግሊሰራይድ ነው፤ ይኸውም አንድ ግሊሰሮል ከሦስት ፋቲ አሲዶች ጋር ተጣምሮ ማለት ነው። ሲጣመሩ ሦስት የውኃ ሞለኪዩሎች ይወጣሉ። ስለዚህ ከግሊሰሮል 92.1 ላይ የውኃው 54.05 ሲቀነስ 38.05 ይቀራል። ቀመሩ፦

የዘይቱ ክብደት = 3 × የፋቲ አሲዶቹ አማካይ + 38.05

አማካዩን ለማግኘት የዘይቱን ይዘት ይያዙ። ለምሳሌ በክብደት ፓልሚቲክ 9፣ ስቴሪክ 7፣ ኦሌይክ 8፣ ሊኖሌይክ 76 ከመቶ የሆነ የኑግ ዘይት እንውሰድ። እያንዳንዱን መቶኛ ለአሲዱ ክብደት ያካፍሉ፦

9 ÷ 256.42 = 0.03510
7 ÷ 284.48 = 0.02461
8 ÷ 282.46 = 0.02832
76 ÷ 280.45 = 0.27099

ድምሩ 0.35902 ነው። 100ን ለዚህ ሲያካፍሉ 278.54 ይመጣል፤ ዘይቱም 3 × 278.54 + 38.05 = 873.67 ግራም በሞል ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ መቶኛውን በአሲዱ ክብደት እያባዙ መደመር የሚያስኬደው መቶኛው የሞል (በክብደት ሳይሆን በሞለኪዩሎች ብዛት የተሰላ) ሲሆን ብቻ ነው። የኑግ አሲዶች ክብደታቸው ስለሚቀራረብ ስህተቱ ኢምንት ነው (278.73)። ላውሪክ (200.32) በሚበዛበት የኮኮናት ዘይት ግን ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

ይዘቱን የሚነግርዎ የጋዝ ክሮማቶግራፊ ውጤት ከሌለ በሳፖኒፊኬሽን ቁጥር ይሥሩ። ቁጥሩ አንድ ግራም ዘይት ሙሉ በሙሉ ወደ ሳሙና ሲለወጥ የሚፈጀው የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሚሊግራም ነው። 168,300ን ለእሱ ሲያካፍሉ የዘይቱ ሞለኪዩላዊ ክብደት ይመጣል። ቁጥሩን ለመለካት፣ 2 ግራም ዘይት በ25 ሚሊ ሊትር 0.5 ሞላር የአልኮል ፖታሽ (በአልኮል የሟሟ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ) ለ1 ሰዓት እንፋሎቱን አቀዝቅዞ በሚመልስ ኮንደንሰር ሥር ይፈላና የተረፈው ፖታሽ በ0.5 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለካል። ዘይት የሌለበትን ናሙናም አብረው ያፍሉ፤ ፖታሽ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሚደክም ያለዚያ ልኬቱ አይታመንም። ውኃና ወደ ሳሙና የማይለወጡ ነገሮች ያሉበት ዘይት ደግሞ ከእውነተኛው ከበድ ያለ ሆኖ ይታያል።

ዘይቱ የቆየ ከሆነ በነፃ አሲዱ (ከግሊሰሮል ጋር ባልተጣመረው ፋቲ አሲድ) ላይ ይጠንቀቁ። ሳፖኒፊኬሽን ቁጥሩ 192፣ የአሲድ ቁጥሩ (በአንድ ግራም ዘይት ውስጥ ያለው ነፃ አሲድ የሚፈጀው የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሚሊግራም) 4 ቢሆን፣ አራቱን ቀንሰው ለ188 ሲያካፍሉ 895 ይመጣል፤ ይህ የተጋነነ ነው። ነፃ አሲዱ ከዘይቱ ክብደትም 2 ከመቶ ያህል ስለያዘ ውጤቱን በ0.98 ያባዙት፤ ወደ 877 ይወርዳል። ምንም ሳይቀንሱ በ192 ቢያካፍሉም የሚያገኙት 877 ገደማ ነው። ግማሽ እርማት ጭራሹን ካለማረም ይብሳል።

ለሳሙና ሲሆን 1,000 ግራም ዘይት ለ873.67 ይካፈልና በ3፣ ከዚያም በ40 ይባዛል፤ 137 ግራም ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ ይወጣል። የሶዳው ንጽሕና 97 ከመቶ ከሆነ 142 ግራም ገደማ ይመዝኑ፤ ሳሙናው ቆዳ እንዳይፈጅ ከዚህ ላይ 5 ከመቶ ያህል ይቀንሱ።