ትራንስ ሴቶችን ስናስተናግድና ስለ እነሱ ስንጽፍ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ትራንስ ሴት፣ ማለትም ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች ሴት፣ ክሊኒክ ስትሄድ ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚፈጸመው ገና ስሟ ሲጠራ ነው። ተራ ጠባቂው ሁሉ በሚሰማበት አዳራሽ፣ መታወቂያዋ ላይ የቀረው የወንድ ስም ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሠራተኛው «ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የጠራሁት» ይላል። እሷ ስትነሳ ግን ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል፤ ለአንድ ሠራተኛ ብቻ ያሳየችውን ሰነድ አሁን አዳራሹ በሙሉ አውቆታል። ከተቀመጡት አንዱ ስትወጣ ሊከተላት ይችላል። ታመው ቤት መዋልን የሚመርጡ ትራንስ ሴቶች የሚሸሹት መርፌውን አይደለም፤ ይህችን ደቂቃ ነው። በስም ሳይሆን በተራ ቁጥር ጥሯቸው። መዝገቡ ላይ «የሚጠሩበት ስም» የሚል መስመር ጨምሩ፤ የመታወቂያው ስም ሕጋዊ ሰነድ ላይ ብቻ ይዋል። ሁለቱን ማመሳከር ካስፈለገ ወረቀቱን ወደ እሷ አዙሮ በጣት ማሳየት ይበቃል።

አማርኛ ጾታን በግሱ ስለሚናገር «ግባ» ወይም «ግቢ» ከማለት ማምለጥ ከባድ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ይግቡ»፣ «ይቀመጡ» በሉ፤ አክብሮቱ ጾታ አይለይም። ከነገረቻችሁ በኋላ ግን በሴት አንቀጽ ጥሯት። ከተሳሳታችሁ በአንድ ቃል አርሙና ቀጥሉ፤ የተንዛዛ ይቅርታ እሷኑ አጽናኝ ያደርጋታል። ስለ ልጅነቷ የሚጽፍም «ተማረ፣ አደገ» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «አገባች» አይበል። ከመጀመሪያው «ተማረች» ነው።

«ቀዶ ሕክምና አድርገሻል?» ሐኪም እንኳ የሚጠይቀው ለመጣችበት ሕመም ካስፈለገው ብቻ ነው። ክንዷ ተሰብሮ ለመጣች ሴት ስለ ብልቷ ጥያቄ ማከታተል ሕክምና አይደለም። የሚያስፈልገውን መዝለልም ጉዳት አለው፦ በጾታ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው እጢ) ብዙውን ጊዜ አይወጣም፤ የምትወስደው የሴት ሆርሞን ኢስትሮጅን ደግሞ ለፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ በደም ውስጥ የሚለካውን የፒኤስኤ (PSA) መጠን ዝቅ ስለሚያደርግ ለሌሎች «ደህና» የሚባለው ቁጥር ለእሷ ላይሆን ይችላል።

«ትራንስ መሆን የአእምሮ በሽታ ነው» ለሚሉ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ምደባ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል።

ትራንስ መሆኗ ማንን እንደምታፈቅር አይናገርም።

የሚደርስባት ሁሉ ትራንስ በመሆኗ ብቻ የመጣ አድርጎ ማየት ብዙ ነገር ይሸፍናል። ስትኳል «ሴትነትን ታጋንናለች»፣ ሳትኳል «ይቺ ደግሞ ምኗ ሴት ነው?» ትባላለች። በስብሰባ ላይ እንደ ማንኛዋም ሴት ንግግሯ ይቋረጣል፤ ጠንከር ብላ ስትመልስ ደግሞ «ወንድነቱ ወጣ» ይሏታል። የሴት ንቀቱና የትራንስ ጥላቻው በአንድ አፍ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመጣሉ። ስለዚህ የአቤቱታ ቅጽ «የጥቃቱ ምክንያት» በሚለው ሥር አንድ ሳጥን ብቻ የሚያስመርጥ ከሆነ ቅጹን ቀይሩት፤ አለዚያ ግማሹ በደል ሳይመዘገብ ይቀራል።

በዜና ላይ ደግሞ «ማንነቷን ደብቃው ስለነበር ተናዶ ደበደባት» የሚል ዓረፍተ ነገር አይለፍ። ይህ የተጠርጣሪው መከላከያ ነው፤ ዘጋቢው በራሱ ድምፅ ሲጽፈው ዱላውን ያመጣችው እሷ ትመስላለች። ማን፣ ማንን፣ የት፣ መቼ እንደመታ ጻፉ፤ ተጠርጣሪው ያለውንም «ተጠርጣሪው እንዳለው» ብላችሁ ለብቻው አስቀምጡት።