ለፋይበር ኔትወርክ መንገድና ቀለም በጄኔቲክ አልጎሪዝም አመዳደብ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቁጭ ብዬ የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ስሰራ 3 ሌሊት የበላብኝን ስህተት እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ በአንድ ፋይበር ብዙ ዌቭሌንግዝ ባንዴ ይሄዳል፣ ቀለም እንበለው፣ ግን አንድ ኮኔክሽን መሀል ላይ ኮንቨርተር (ቀለም የሚቀይር መሳሪያ) ከሌለ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያንኑ ቀለም ይዞ ነው የሚሄደው፣ ሁለት ኮኔክሽን ደግሞ አንድ መስመር ላይ አንድ ቀለም አይጋሩም። ኔትወርኩ ሲሰፋ ሁሉንም አማራጭ ሞክሮ መጨረስ የማይታሰብ ነው፣ ስለዚህ ጄኔቲክ አልጎሪዝም እንጠቀማለን፣ ማለትም ብዙ መፍትሄ ይዘን የተሻሉትን እየመረጥንና እያዳቀልን ትውልድ በትውልድ እናሻሽላለን።

እስቲ ለልምምድ ቀለበት ሳሉ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ተመልሶ ሰበታ። 3 ኮኔክሽን አለን፦ ሰበታ ለገጣፎ፣ ቡራዩ ቱሉ ዲምቱ፣ ሰበታ ቱሉ ዲምቱ። ሁሉንም በአጭሩ ከላካችኋቸው ሶስቱም ሰበታ ቱሉ ዲምቱ መስመር ላይ ይታጨቃሉ፣ ስለዚህ 3 ቀለም ይበላል። የመጀመሪያውን በቡራዩና በሱሉልታ ብታዞሩት ግን 2 ቀለም ይበቃል።

ክሮሞዞሙ፣ ማለትም አንዱ መፍትሄ በቁጥር ሲጻፍ፣ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ጂን (አንድ ቁጥር) ነው፣ 0 አጭሩ መንገድ፣ 1 ቀጣዩ። ጂኑ ውስጥ መንገድ ብቻ አስገቡ! እኔ ቀለሙንም አብሬ ከትቼ ክሮስኦቨር (ሁለት ክሮሞዞም ማዳቀል) የሚወልዳቸው ልጆች አብዛኞቹ ቀለም የሚጋጭባቸው ሆኑብኝ። ቀለሙን ለፈርስት ፊት ተዉለት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ መንገድ በመስመሮቹ ሁሉ ላይ ክፍት የሆነውን ትንሹን የቀለም ቁጥር ስጡት፣ ረጃጅሞቹን አስቀድሙ ምክንያቱም በኋላ ላይ ዳር እስከ ዳር ክፍት የሆነ ቀለም ማግኘት ይከብዳቸዋል።

ፊትነሱ (የመፍትሄው ነጥብ)፦ ቀለም ያጣ ኮኔክሽን ብዛት ሲባዛ በ1000፣ የቀለም ብዛት ሲባዛ በ10፣ ከዛ የሆፕ (መንገዶቹ የሚያልፉባቸው መስመሮች) ድምር ጨምሩበት፣ ትንሹ ያሸንፋል። ክሮሞዞሙ 0 0 0 ሲሆን 30 ሲደመር 5፣ 35 ነው፣ 1 0 0 ሲሆን 20 ሲደመር 6፣ 26። ኮዳችሁ ይሄን ካላወጣ ወደ ትልቅ ኔትወርክ አትሂዱ።

የቀረው ቀላል ነው፣ ፖፑሌሽን (በአንዴ የሚያዙ ክሮሞዞሞች) 50፣ ቶርናመንት በ3 (በዘፈቀደ ከተወሰዱ 3 ምርጡ ወላጅ ይሆናል)፣ ሚውቴሽን (አንድ ጂን በዘፈቀደ የሚቀየርበት እድል) አንድ ለኮኔክሽኑ ብዛት ተካፍሎ፣ ምርጦቹን 2 ሳትነኩ አሳልፉ። ከቀለበት ውጪ ላለ ኔትወርክ ለእያንዳንዱ ጥንድ 3 ወይ 4 አጭር መንገድ አስቀድማችሁ በየን (Yen) አልጎሪዝም አውጡ፣ እሱ አጫጭር መንገዶችን በቅደም ተከተል የሚያወጣ ዘዴ ነው፣ ፓይዘን ላይ ኔትወርክኤክስ (NetworkX) የሚባለው ላይብረሪ ይሰራላችኋል።

ደግሞ በየ10 ጀነሬሽኑ (ትውልዱ) ፖፑሌሽኑን ፋይል ላይ ሴቭ አድርጉ፣ እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ 180ኛው ላይ የነበረ ስራ ጠፍቶብኝ ከዜሮ ጀምሬያለሁ።