ፔሬድ ላይ ሆናችሁ የወሲብ ሥራ ለምትሠሩ

እህቶች፣ ማረፍ ቢቻል ጥሩ ነበር፤ የቤት ኪራይ ግን አያርፍም። ደም እንዳይታይ ብላችሁ ጥጥ፣ ሶፍት ወይም ከፍራሽ የተቀደደ ስፖንጅ ብልታችሁ ውስጥ አትክተቱ። ወደ ላይ ይገፋል፣ ቁራጩ ይቀርና ይሸታል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል። ጥቁር ፎጣ ማንጠፍ ይሻላል። ገብቶ የቀረ ካለ ቁጢጥ ብላችሁ ወደ ታች እየገፋችሁ በታጠበ ጣት ሞክሩ፤ እምቢ ካለ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ነርሷ ስንቱን አይታለች፣ አትፈሩ። ትኩሳት፣ ማዞር ወይም ሽፍታ ከመጣማ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ውስጥን በዴቶል ወይም በሎሚ መታጠብ ይቅር። ደም ሲኖር ኤችአይቪ የመተላለፍ ዕድሉ ስለሚጨምር ኮንዶም የግድ ነው፤ ከተቀደደ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱን በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ቀን ጀምሩ። «ፔሬድ ላይ አይረገዝም» የሚሏችሁንም አትስሙ።