ቮልቴጁ የማን ነው? ሬዚስታንስና ዋት ስታሰሉ ተጠንቀቁ

ቀመሩን ሁሉም ያውቀዋል። ቮልት ለአምፔር ሲካፈል ኦም (የሬዚስታንስ፣ ማለትም ሽቦው ከረንትን የሚቃወምበት መጠን መለኪያ)፣ ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት። እዚህ ደብረ ብርሃን አብረውኝ የሚሠሩ ጀማሪዎችም በቃላቸው ይወጡታል። የሚስቱት ቁጥሩን ከየት እንደሚያመጡት ነው።

የመስመሩን ቮልቴጅ ለገመዱ መስጠት። ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ምጣድ በቀጭን ማከፋፈያ ተሰክቶ 16 አምፔር ይስባል እንበል። የገመዱ ሬዚስታንስ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 0.5 ኦም ነው። ገመዱ ላይ ስንት ዋት ይባክናል? ጀማሪው ልጅ 220ን በራሱ ያባዛና ለ0.5 አካፍሎ 96,800 ዋት ይለኛል። በዚህ እኮ 27 ምጣድ ይጋገርበታል! መልሱን አይቶ እንኳን አይደነግጥም። 220 ቮልቱን ገመዱና ምጣዱ ይካፈሉታል። የገመዱ ድርሻ 16 በ0.5፣ ማለትም 8 ቮልት ብቻ ነው። 8 በ16 ሲባዛ 128 ዋት ይሆናል። እሱም ቢሆን አይናቅም፤ ገመዱ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ላስቲኩን ያቀልጠዋል። ስለዚህ ቮልት ስትጽፉ ከየት እስከ የት እንደተለካ አብራችሁ ጻፉ።

የተጻፈውን ዋት እንደማይለወጥ ማየት። አንዲት እናት ምጣዱ አልግል አለኝ ብለው አስጠሩን። አብሮኝ የነበረው ልጅ ገና ሳይለካ፣ «እማማ፣ ሽቦው አርጅቷል፣ ይቀየር» አላቸው። ቆይ፣ መጀመሪያ ለካ አልኩት። ምጣዱ እየሠራ ሶኬቱ ላይ 180 ቮልት ተገኘ፤ ክላምፕ ሜትሩ (ገመዱን አቅፎ አምፔር የሚለካው መሣሪያ) 13 አምፔር አሳየ። ሲካፈል 13.8 ኦም ገደማ ነው። ምጣዱ ላይ የተጻፈው 220 ቮልት፣ 3,500 ዋት ነበር። 220 በራሱ ተባዝቶ ለ3,500 ሲካፈልም ያው 13.8 ኦም ይመጣል። ሽቦው ደህና ነው! የወረደው ቮልቴጁ ነው። 180 በ13 ሲባዛ 2,340 ዋት ብቻ። ቮልቴጁ 18 በመቶ ሲወርድ ዋቱ 33 በመቶ ወረደ፤ ምክንያቱም ቮልቴጁ ሲቀንስ ከረንቱም አብሮ ይቀንሳል። እኚህ እናት ያለ ጥፋቱ ለሽቦ ገንዘብ ሊያወጡ ነበር።

ቀዝቃዛ አምፖል ለክቶ መደናገጥ። ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል በስሌት 484 ኦም ነው፤ በቴስተር (ቮልት፣ አምፔርና ኦም በሚለካው መሣሪያ) ስትለኩት ግን ወደ 40 ገደማ ያሳያል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የተንግስተን ሽቦ ሲግል ሬዚስታንሱ ከአሥር እጥፍ በላይ ይጨምራል። የምጣድ ሽቦ እንዲህ አይለዋወጥም።

ሚሊአምፔርን መርሳት። 20 ሚሊአምፔር 0.02 አምፔር ነው፤ ስለዚህ 12 ቮልት ለ20 ሚሊአምፔር 600 ኦም ነው፣ 0.6 አይደለም።

ኮረንቲ እያለ ኦም መለካት። ስፒናውን ንቀሉ። ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጋችሁም ሶኬት ውስጥ አትክተቱ። ሾርት ነው፤ እጃችሁንም ፊታችሁንም ያቃጥላል።

ሞተርን እንደ ምጣድ ማስላት። የውሃ ፓምፕ በ220 ቮልት 5 አምፔር ቢስብ 1,100 ዋት ነው ማለት አይደለም። ፓወር ፋክተሩ (ከቮልትና አምፔር ብዜት እውነተኛ ዋት የሚሆነው ድርሻ) 0.8 ከሆነ 880 ዋት ነው። የጥቅልሉን ኦም በቴስተር ለክታችሁ 220ን ብታካፍሉለት ደግሞ ሞተሩ ሲዞር ከሚስበው እጅግ የበዛ አምፔር ይመጣችኋል። ለሞተር ክላምፕ ሜትሩን አውጡና እየሠራ ለኩት።