የኮንስትራክተር አርጊውመንቶችን ወደ ዳታቤዝ ሲያስገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጎርጎራ ለሚሄዱ ጀልባዎች ትኬት የሚቆርጥ ዌብሳይት እየሠሩ ነው እንበል። «ትኬት» የሚባለው ክላስ (የእያንዳንዱ ትኬት የኮድ አብነት) መነሻ፣ መድረሻ፣ ስልክ፣ የጉዞ ቀንና ሰዓት እንዲሁም ዋጋ ይቀበላል። የሚቀበለው ኮንስትራክተሩ፣ ማለትም ትኬቱ ሲፈጠር የሚጠራው የኮድ ክፍል ነው፤ የሚሰጡት መረጃዎች አርጊውመንቶች ይባላሉ። እነዚህ ተሰብስበው በቴብሉ ላይ አንድ ረድፍ ይሆናሉ።

ኮንስትራክተሩ ውስጥ ሥራ ማጨቅ። ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። ትኬቱ ሲቆረጥ ዋጋው ይሰላ፣ ኤስኤምኤስ ይላክ ተብሎ ኮዱ እዚያው ይጻፋል። ጃንጎ (የፓይተን ዌብሳይት መሥሪያ) ግን የቆየ ረድፍ ከዳታቤዝ ሲያነብም ያንኑ ኮንስትራክተር ይጠራል። ትኬት ቆራጯ የዕለቱን ዝርዝር በከፈተች ቁጥር ለተሳፋሪው ሁሉ መልእክት እንደገና ይሄዳል፤ ባለፈው ወር የተሸጠው ትኬትም በዛሬው ታሪፍ ይሰላል። በዚያ ላይ ጃንጎ መረጃዎቹን የሚያቀብለው በፊልዶቹ (በቴብሉ ዓምዶች) ቅደም ተከተል ስለሆነ የአርጊውመንቶቹን ዝርዝር ከቀየሩ ንባቡ ራሱ ይበላሻል።

ሌላው የፓይተን የዳታቤዝ መሣሪያ፣ ኤስኪውኤልአልኬሚ፣ ተቃራኒ ነው፦ ከዳታቤዝ ሲያነብ ኮንስትራክተሩን ጭራሽ አይጠራውም፤ እዚያ ውስጥ ያዘጋጁት ነገር ሲፈለግ የለም። የጃቫው ሃይበርኔት ደግሞ አርጊውመንት የሌለው ኮንስትራክተር ይፈልጋል። ሦስቱ ጋ የሚያዋጣው ያው ነው፤ ኮንስትራክተሩ የተሰጠውን ይያዝ፣ ሌላ አይሥራ። ዋጋ ማስላቱንና ሴቭ ማድረጉን «ቁረጥ» ለሚባል የክላስ ሜተድ ይስጡት፤ ኤስኤምኤሱ ትራንዛክሽኑ ኮሚት ከሆነ (ዳታቤዙ ምዝገባውን ካጸደቀ) በኋላ ይሂድ። አለበለዚያ ሴቭ ያልሆነ ትኬት «ተቆርጦልዎታል» የሚል መልእክት ያስልካል።

በቦታ ቅደም ተከተል መተማመን። መነሻና መድረሻ ሁለቱም ጽሑፍ ናቸው። ተገላብጠው ቢገቡ ኤረር የለም፤ ዘጌ የሚሄደው ሰው ከዘጌ ተመላሽ ሆኖ ይመዘገባል። አርጊውመንቶቹን በስም ይጥሩ። ፓይተን ላይ በዝርዝሩ መጀመሪያ፣ ከself ወይም ከcls ቀጥሎ፣ ኮከብ ምልክት ቢያስገቡ በስም ካልተጠሩ አልቀበልም ይላል። ጃንጎ ግን በቅደም ተከተል ስለሚያቀብል እዚያ ኮከቡን «ቁረጥ» ላይ እንጂ ኮንስትራክተሩ ላይ አያድርጉት።

ፎርሙን እንዳለ መገልበጥ። ከብራውዘር የመጣውን ሁሉ ለኮንስትራክተሩ ከሰጡ፣ አንዱ ፎርሙ ላይ «ዋጋ» የሚል ፊልድ ጨምሮ በ1 ብር ይሳፈራል። የኮድ ማከማቻው ዌብሳይት ጊትሃብ በ2012 እ.ኤ.አ. የተጋለጠው በዚሁ ዓይነት ቀዳዳ ነበር። ተጠቃሚው እንዲሞላ የተፈቀዱትን ፊልዶች በስም ዘርዝረው ሌላውን ይጣሉ።

ስልክን ቁጥር አድርጎ ማስቀመጥም አለ፤ የ09 ዜሮ ይጠፋል። ጽሑፍ ያድርጉት።

ሰዓቱንና ቀኑን ሳይቀይሩ ማስገባት። የውጭ መማሪያዎች ስለዚህ ትንፍሽ አይሉም። ደንበኛው «2 ሰዓት» ሲል ጠዋት ማለቱ ነው፤ 2 ተብሎ ከገባ ሲስተሙ ሌሊት 8 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ጀልባ የለም። ቀኑ ይብሳል። መስከረም 1 ቀን 2017 በቁጥር ሲገባ ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ይሆናል፤ ትክክለኛው ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነች ዳታቤዙ ይመልሳታል፤ አብዛኞቹን ቀኖች ግን ዝም ብሎ ይቀበላል። ስለዚህ ቅየራው ፎርሙ ላይ፣ ኮንስትራክተሩ ከመጠራቱ በፊት ይጠናቀቅ። ዳታቤዙ የፈረንጁን ቀን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ይያዝ፤ የጠዋቱ 2 ሰዓት እዚያ 05:00 ነው። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚመለሰው ትኬቱ ሲታተም ነው።