ሲሊካ ላይ አሚን መትከል፦ ከምን ልጀምር ለምትሉ

ኦርጋኒኩን ከኢንኦርጋኒኩ አዳቅላችሁ ናኖ ቁስ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ከላይ የሚለብሰው ኦርጋኒክ ክፍል ምን እንዲሠራላችሁ እንደምትፈልጉ ወስኑ። መድኃኒት እንዲይዝ? ከውሃ ውስጥ መዳብ እንዲለቅም? ይሄ ሳይለይ ላብራቶሪ መግባት ኬሚካል ማባከን ነው።

ለጀማሪ ሲሊካን (የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ፣ የአሸዋ ዋና ክፍል) የሚያህል የለም። በ1968 የታተመው የስቶበር ዘዴ ዛሬም ይሠራል፦ ኤታኖል፣ ውሃና አሞኒያ እያማሰላችሁ ቴኦስ የሚባለውን የሲሊከን ውህድ ትጨምራላችሁ። ጥርት ያለው ፈሳሽ ቀስ እያለ ሰማያዊ ነገር ይታይበትና እንደ ወተት ይነጣል፤ የሲሊካ ናኖ ቅንጣቶች ተፈጠሩ ማለት ነው። ደስ ይላል። ሁሉም ግን አየር መሳቢያው ስር ይሁን።

ከዚያ ቅንጣቶቹን በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ከፈሳሹ በሚለይ ማሽን) እየለያችሁ አሞኒያው እስኪለቅ በኤታኖል እጠቡት። አደራ፣ አታድርቁት! አንዴ ከደረቀ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው መልሶ መበተኑ ፍዳ ነው።

አሁን ኦርጋኒኩ። አፕቴስ የሚባለው ሲሌን (ኦርጋኒክ ክፍል ያለው የሲሊከን ውህድ) በአንድ ጫፉ ሲሊካው ላይ ካሉት የኦኤች (የኦክስጅንና ሃይድሮጅን) ቡድኖች ጋር ይታሰራል፣ በሌላው ጫፉ አሚኑን፣ ማለትም ናይትሮጅን ያለበትን ቡድን፣ ወደ ውጭ ያወጣል። ጣጣው፣ አፕቴሱም ውሃውም ከበዛ እርስ በርሱ ይያያዝና ቅንጣቶቹን ያጣብቃቸዋል፤ ስለዚህ "ትንሽ ልጨምርበት" የሚለውን ፈተና እለፉት።

አሚኑ መያዙን ለማየት ደጋግማችሁ ካጠባችሁ በኋላ ኒንሀይድሪን (አሚን ሲያገኝ ቀለም የሚያወጣ ኬሚካል) ጠብ አድርጋችሁ አሙቁ። ወይን ጠጅ ከሆነ አሚን አለ። የመጨረሻውን እጣቢም ለብቻው ሞክሩት፤ እሱም ከቀላ ወይም ወይን ጠጅ ከመሰለ ያልታሰረ አፕቴስ ስለቀረ ወደ ማጠቡ ተመለሱ። ዜታ ፖቴንሻል (የቅንጣቱ ገጽ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ምልክት) መለኪያ ካገኛችሁማ በጣም ጥሩ፦ ባዶው ሲሊካ በገለልተኛ ፒኤች ኔጌቲቭ ነው፣ አሚን በደንብ ሲለብስ ወደ ፖዘቲቭ ይዞራል።