የሞዴል ታንክ ቀለም ለምን ይበላሻል? አዳማ ላይ ለምትሠሩ

ከፕላስቲክ የገጣጠማችሁት ትንሽ የጦር ታንክ ቀለሙ ተበላሸ ብላችሁ ወዲያው ሌላ አትደርቡበት። መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ። ካልሆነ የሚደረበውም ያው ነው።

እዚህ አዳማ በብዛት የሚያስቸግረው ቀለሙ እንደ ብርጭቆ ወረቀት መሻከሩ ነው። ምክንያቱ ሙቀትና ንፋስ ነው። የስፕሬዩ ጠብታ ታንኩ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ እያለ ይደርቃል፣ ከሩቅ ከረጫችሁ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በቀትር ፀሐይ በረንዳ ላይ መርጨት ይቅር። ጠዋት ሳይሞቅ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቀረብ ብላችሁ፣ ትልቅ ካርቶን በጎኑ አስተኝታችሁ ውስጡ ርጩ፤ ካርቶኑ ንፋሱንም አቧራውንም ይከላከላል። ማስክ አድርጉ፣ ሽታው ቀላል አይደለም። በኮምፕረሰር የምትረጩ ከሆነ ቀለሙን ትንሽ አቅጥኑት። የሻከረውን ግን መጣል አያስፈልግም፤ በደንብ ይድረቅና በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ በቀስታ አለስልሱት።

ቀለም እንዳይነካው ለመሸፈን የለጠፋችሁትን ስኮች ስታነሱ ቀለሙ አብሮ ተላጠ? ፕላስቲኩ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ዘይት ወይም የእጅ ቅባት አለ ማለት ነው። ሳትቀቡ በፊት በፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ ሲደርቅ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ስጡት። የመኪና ፕራይመር ርካሽ ነው፣ ግን አንዳንዱ ፕላስቲክ ይበላል፤ ክፍሎቹ ተያይዘው በሚመጡበት ትርፍ ፍሬም ላይ ሳትሞክሩ እንዳትነኩት።

የቁጥሩ ስቲከር ዙሪያው ነጭ ሆኖ ካብለጨለጨ ከሥሩ አየር ገብቷል። ማት (የማያብለጨልጭ) ቀለም ሸካራ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ፣ ቀጥሎ ስቲከሩ፣ በመጨረሻ ማት ቫርኒሽ። ከተለጠፈ በኋላ ካያችሁት በመርፌ በሳ በሳ አድርጉና የስቲከር ማለስለሻ ጠብ አድርጉበት።

የዲዮራማው (ታንኩን የምታቆሙበት ትንሽ የመሬት ሞዴል) መሬት ከተሰነጠቀ ጀሶው በአንዴ ወፍሮ ተለስኗል፣ ወይም ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። በስስ በስሱ፣ ጥላ ሥር ይድረቅ። ለላዩ አፈር መግዛት ምን ያደርጋል? የአዳማን አቧራ በምጣድ አድርቃችሁ በደቃቅ ወንፊት ንፉት። መንፋቱን አትዝለሉ፦ በ1:35 መጠን (ሞዴሉ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ሲያንስ) 1 ሚሊ ሜትር የሆነች የአሸዋ ፍሬ 3.5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ትሆናለች፣ እንዲህ ያለ መሬት ላይ የቆመ ቲ-55 ታንክ ደግሞ ወዲያው አሻንጉሊት ይመስላል። ነፍታችሁ ከበተናችሁ በኋላ ኮላ በውሃ አቅጥኑ፣ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበትና አንጠባጥቡበት። ያለ ሳሙናው ኮላው አቧራው ላይ ይንከባለላል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም።